ያገለገለ ሃይ ጌይን ቲዩብ ሄድ ለመግዛት፦ አራት ታዋቂ ስሞች በአንድ ሚዛን

ስለ ጊታር አምፕ (ማጉያ) ሲወራ አንዱ "ከማርሻል ወዲያ ላሳር" ይላል። ሌላው የፒቪን አምፕ ይዞ "5150 ከሌለ ሜታል የለም" ብሎ ይሟገታል። ሦስተኛው ሁለቱንም ይንቅና የሜሳን ሬክቲፋየር ይጠራል። ገንዘቡን ይዞ የቆመ ገዢ ከዚህ ክርክር የሚያተርፈው ነገር የለም። እሱ የሚገዛው ስም አይደለም። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ የሚመላለስበት፣ ሃያ ኪሎ የሚጠጋ ሄድ፣ ማለትም ስፒከሩ ለብቻው የሆነ ማጉያ ነው። ያውም ከማያውቀው ሰው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሚዛኑን እናስተካክል። ስሞቹ ይቆዩን።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ዲስቶርሽኑ፣ ማለትም ያ የሮክ ሻካራ ድምፅ፣ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ሃይ ጌይን (ሲግናሉን በጣም የሚያጎላ) አምፕ ውስጥ የጊታሩ ደካማ ሲግናል ትንንሾቹን ቲዩቦች፣ አምፖል የሚመስሉትን የመስታወት ዕቃዎች፣ ተራ በተራ ያልፋል። በየደረጃው ይጎላል፣ ጫፉም ይቆረጣል። ይህ የፕሪአምፑ ሥራ ነው። አንዳንዱ አምፕ ሥራውን እዚያው ይጨርሳል፣ ማስተሩን (ዋናውን የድምፅ ቁልፍ) ዝቅ ብታደርጉትም የድምፁ ጠባይ ያው ነው። ሌላው ደግሞ ትልልቆቹ የኃይል ቲዩቦች ካልተጨናነቁ ድምፁ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ጎረቤት ያለው ሰው ይህን ሳያውቅ ቢገዛ ይቆጨዋል።

ሁለተኛው ዋት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ50 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን "እጥፍ ጮኸ" እንዲል 10 ዲሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ "ለቤት 50 ዋት ይበቃኛል" የሚለው ሐሳብ ብዙም አያስኬድም፤ 50 ዋትም ቤቱን ያናጋዋል። የ50 ዋቱ ጥቅም ሌላ ነው። ክብደቱ ይቀላል፣ ቲዩብ ሲቀየርም የምትገዙት አብዛኛውን ጊዜ አራት ሳይሆን ሁለት ነው።

ሦስተኛው ቻናል፣ ኢኪው (የቤዝ፣ የሚድልና የትሬብል ቁልፎች) እና ኢፌክት ሉፕ (ከፕሪአምፑ በኋላ ኢፌክት ማስገቢያው) ነው። ሁለት ቻናል ያለው አምፕ ሁሉ ሁለት ኢኪው የለውም። ኢኪውን የሚጋሩ ከሆነ ንጹሑን ድምፅ አሳምራችሁ ወደ ሊድ (ዲስቶርሽን ወዳለው ቻናል) ስትሄዱ ሊዱ ይበላሻል። ዲሌይና ሪቨርብ (የገደል ማሚቶና የአዳራሽ ድምፅ ኢፌክት) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሉፕ የግድ ነው። ከዲስቶርሽኑ በፊት የገባ ዲሌይ ጭቃ ነው የሚሆነው።

አራተኛው ባያስ ነው። ትልልቆቹ ቲዩቦች ምንም ሳይጫወቱ ስንት ከረንት እንደሚስቡ የሚወስነው እሱ ነው። የመኪና ሚኒሞ በሉት። ከበዛ ቲዩቡን ያቃጥላል፣ ካነሰ ድምፁን ያደርቀዋል። አንዳንዱ ሄድ ባያሱ ይስተካከላል። አንዳንዱ ፋብሪካ ላይ ተቆልፎ የወጣ ነው።

አምስተኛውን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከገዛ በኋላ ነው፦ ቮልቴጅ። ለ120 ቮልት የተሠራ ሄድ 220 ላይ ከተሰካ ያኔውኑ ጉድ ይፈላል። ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። መምረጫ ያላቸው አሉ። የሌላቸው ደግሞ የውጭ ትራንስፎርመር ይፈልጋሉ፤ እሱም አምፑ ይስባል ተብሎ ከተጻፈው ዋት በደንብ የሚበልጥ መሆን አለበት። ሄርዙንም እዩ። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሄርዝ ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል።

ከስሙ በፊት ዕቃውን እዩ

የመጀመሪያ ሄዴን የገዛሁት በአምስት ደቂቃ ነው። ሻጩ አበራው፣ ሁለት ሪፍ መታሁ፣ ፀጉሬ ቆመ፣ ከፈልኩ። ቤት ወስጄ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ከተጫወትኩ በኋላ ድምፁ እየሰጠመ መጣ። ከኋላ በፍርግርጉ አጮልቄ ሳይ ከአራቱ ቲዩቦች አንዱ ውስጥ ያለው ግራጫ ብረት እንደ ፍም ቀልቷል። ወዲያው አጠፋሁት። ቲዩቡን ቀየርኩ፤ አዲሱም ቀላ። ችግሩ ቲዩቡ ሳይሆን ባያሱ ነበር። ለጥገና የከፈልኩት ሲደመር አዲስ ሊገዛ የሚቃረብ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ሰዓት በታች የሞከርኩትን ሄድ ገዝቼ አላውቅም።

ስትሞክሩ መጀመሪያ ስፒከሩ መሰካቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር በርቶ ከተጫወቱበት አውትፑት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። እሱ ደግሞ ከውስጡ ዕቃ ሁሉ ውድ ከሚባሉት ነው። ኦሙም ይግጠም፤ ካቢኔቱ (የስፒከሩ ሳጥን) 16 ከሆነ የሄዱ መምረጫ 16 ላይ ይሁን። ገመዱም የስፒከር ገመድ ይሁን። የጊታር ገመድ መልኩ ቢመሳሰልም ውስጡ ቀጭን ስለሆነ ያንን ከረንት አይችለውም።

ከዚያ ቁልፎቹን ሁሉ ዜሮ አድርጋችሁ፣ ስታንድባይ ላይ አብሩትና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ስታንድባዩን ልቀቁና የኋላውን ተመልከቱ። ቲዩቡ መሃል የሚታየው ብርቱካናማ ብርሃን ጤነኛ ነው። መስታወቱ ላይ የሚጫወት ሰማያዊ ጭላንጭልም አያስፈራም። የሚያስፈራው ግራጫው ብረት ራሱ ሲቀላ ነው። የመስታወቱ አናት ወይም ጎን ላይ ያለው ብርማ ቅብ ወደ ነጭ ከተለወጠ ደግሞ ቲዩቡ አየር አስገብቷልና ሞቷል።

አሁን ጊታር ሳትሰኩ ቮሉሙን ከፍ አድርጉ። ሃይ ጌይን አምፕ "ሽሽ" ማለቱ ተፈጥሮው ነው። ወፍራም ጉርምርምታ ከሆነ ግን የፊልተር ካፓሲተሮቹ አርጅተው ሊሆን ይችላል። ካፓሲተር ብዙ ባይጫወቱበትም በዕድሜ ይደርቃል፤ ሃያ ዓመት ያለፈውና ያልተቀየረለት ሄድ ካያችሁ ወጪውን ከዋጋው ላይ ቀንሱ። ቁልፎቹን አዟዙሯቸው። መንኮሻኮሽ ቆሻሻ ነው፣ በክሊነር ይጠፋል። ለዚህ ሲባል ግዢ አይቀርም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው።

በእርሳስ ጀርባ ትንንሾቹን ቲዩቦች ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉ። አንዱ ስፒከሩ ውስጥ እንደ ደወል ከጮኸ ማይክሮፎኒክ ሆኗል። እሱም ቀላል ነው፣ አንድ ቲዩብ ቀይሮ መገላገል ነው። ድምፁ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ከሉፑ ሴንድ ወደ ሪተርን አጭር ገመድ ሰኩ። ከተስተካከለ በሽታው የሉፑ ጃክ ቆሻሻ ነው። በአሥር ደቂቃ ጽዳት የሚድነውን በሽታ ሻጩ ካላወቀው ዕድለኛ ናችሁ።

አምፑ ጠፍቶ ከሶኬት ሲነቀል ፊውዙን አውጥታችሁ ቁጥሩን ከኋላ ከተጻፈው ጋር አመሳክሩ። ከፍ ያለ ፊውዝ የገባበት ወይም በፎይል የተጠቀለለ ካያችሁ ደህና ሁን ብላችሁ ውጡ። ያ ሰው ችግር ደብቋል። የአምፑን ሳጥን ግን ራሳችሁ አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ሰው የሚገድል ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ማርሻል ጄሲኤም 800፣ ሞዴል 2203

ጄሲኤም 800 የሚለው ስም የወጣው በ1981 ነው፤ የ2203 ሰርኪት ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነበር። 100 ዋት፣ አራት ኢኤል34 (የኃይል ቲዩብ ዓይነት ነው)፣ ሦስት ትንንሽ ቲዩብ፣ አንድ ቻናል። ሌላ ነገር የለውም። ወደ አሜሪካ ከሄዱት ብዙዎቹ በኢኤል34 ፈንታ 6550 ይዘው ወጥተዋል። ስትገዙ የትኛው እንደገባበት ጠይቁ፤ ባያሱ ሳይነካ አንዱ በሌላው አይተካም።

በዛሬ ሚዛን ሃይ ጌይን ነው ለማለት ያስቸግራል። ብቻውን የሮክ አምፕ ነው። ከፊቱ ኦቨርድራይቭ ፔዳል አስገብታችሁ፣ የፔዳሉን ድራይቭ ዜሮ፣ ሌቭሉን ሙሉ ስታደርጉት ግን ቤዙ ይጠብቃል፣ ድምፁም ፊት ለፊት ይመጣል። የ1980ዎቹ ሜታል ብዙው በዚህ ዓይነት አሠራር የወጣ ነው። እንከኑ ማስተሩ ከፍ ካላለ አለመነሳቱ ነው። የድሮው ሉፕም የለውም፤ በኋላ በድጋሚ የተሠራው ግን አለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "ጄሲኤም 800 ነው" ሲሏችሁ ቁጥሩን ጠይቁ። 2203 ባለ 100 ዋት፣ 2204 ባለ 50 ዋት ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ቻናል። 2210 እና 2205 ደግሞ ባለ ሁለት ቻናል ሲሆኑ ከዲስቶርሽናቸው የተወሰነው የሚመጣው ከዳዮድ ነው። መጥፎ አይደሉም፤ ሌላ አምፕ ናቸው። ሰው ግን በ2203 ዋጋ ይሸጣቸዋል።

ፒቪ 5150 እና 6505

5150 በ1992 ከጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ጋር ተሠርቶ ወጣ። በ2004 ተለያዩ፤ ስሙ ከጊታሪስቱ ጋር ሄደ። ፒቪ ያንኑ አምፕ 6505 ብሎ መሸጡን ቀጠለ። ቁጥሩ ኩባንያው ከተመሠረተበት ከ1965 እስከ 2005 ያለውን 40 ዓመት የሚያመለክት ነው። እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚተርፈው። የ5150 ስም የተጻፈበት ፊት ይወደዳል፤ 6505 ያንኑ ሰርኪት ይዞ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። 5150 II ደግሞ 6505+ ሆነ። ድምፅ ሳይሆን ታሪክ የምትሰበስቡ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

120 ዋት፣ አራት 6ኤል6 የኃይል ቲዩብ፣ በመጀመሪያው 5150 ላይ አምስት 12ኤኤክስ7፣ ማለትም ትንንሾቹ የፕሪአምፕ ቲዩቦች። ጌይኑ ሁሉ ፕሪአምፑ ውስጥ ነው። የሊድ ቻናሉን ጌይን ከግማሽ በላይ የሚያዞር ሰው ወይ አዲስ ነው ወይ ጆሮው ደንቁሯል፤ ለእኔ አራት ላይ ይበቃል። ጥብቅ ነው፣ ሪፉ ተቆራርጦ ይሰማል፣ ባንድ ውስጥ አይጠፋም።

እንከኑ ሦስት ነው። ይሽሻል፣ ኖይዝ ጌት (ሳትጫወቱ ሽሽታውን የሚዘጋ ፔዳል) ያስፈልገዋል። ንጹህ ድምፁ ለስሙ ያህል ነው። ባያሱም ቀዝቀዝ ብሎ የተቆለፈ ነው። ይህ የመጨረሻው ሰዎች በጣም የሚያማርሩበት ነው፤ ለእኔ ግን ለገዢ ይጠቅማል። ቀዝቀዝ ያለ ባያስ ቲዩብ አያቃጥልም፣ ግጥም ያለ አራት ቲዩብ ገዝቶ መክተት ነው። በ5150 እና በ6505 ሁለቱ ቻናሎች አንድ ኢኪው ይጋራሉ። ለየብቻ የምትፈልጉ 6505+ን እዩ።

ሜሳ ቡጊ ዱዋል ሬክቲፋየር

ይሄኛው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው የመጣው። 100 ዋት፣ አራት 6ኤል6፣ አምስት 12ኤኤክስ7፣ በዚያ ላይ የሶኬቱን ተለዋዋጭ ከረንት ወደ ቀጥተኛ የሚቀይሩ ሁለት የሬክቲፋየር ቲዩብ። ከኋላ ባለው ማብሪያ ኃይሉን በቲዩብ ወይም በዳዮድ አልፎ እንዲሄድ መምረጥ ትችላላችሁ። ቲዩቡ ሲመረጥ ምቱ ይለሰልሳል፣ ዳዮዱ ሲመረጥ ይጠብቃል። ከ6ኤል6 ወደ ኢኤል34 የሚያዛውር የባያስ ማብሪያም አለው። ከዚያ ውጪ ባያሱ ቋሚ ስለሆነ ለእሱ የሚስማማ ልክ ያለው ቲዩብ መግዛት ግድ ነው።

ድምፁ ሰፊ ነው፣ ግድግዳ ነው። ብቻችሁን ስትጫወቱ ከአራቱ ሁሉ የሚያምረው ይሄ ነው። ባንድ ውስጥ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ቤዝ ከቤዝ ጊታሩና ከከበሮው ጋር ይጣላል። ቤዙን ደፍራችሁ ቀንሱ፣ ከፊቱ ኦቨርድራይቭ ጨምሩ፤ ይታረማል። "ሬክቲፋየር ጭቃ ነው" የሚሉት ብዙዎቹ ቤዙን ከግማሽ በላይ የሚያዞሩ ናቸው።

ባለ ሁለት ቻናሉ የድሮው ነው፣ ሰብሳቢ ያሳድደዋል። ባለ ሦስት ቻናሉ በ2000 አካባቢ መጣ፤ ለአብዛኛው ሰው የበለጠ ይጠቅማል። ባለ ሦስቱን ስትሞክሩ የአውትፑት ቁልፉ ምንም ካልሠራ አትደንግጡ። የሚሠራው ሉፑ ሲበራ ብቻ ነው። ፉትስዊቹና (በእግር ቻናል መቀየሪያው) ገመዱ መኖራቸውን ጠይቁ። የራሳቸው ዓይነት ስለሆኑ ለብቻ መፈለግ ያንከራትታል።

ማርሻል ጄሲኤም 2000 ዲኤስኤል 100

በ1997 የወጣ ነው። 100 ዋት፣ አራት ኢኤል34፣ አራት ትንንሽ ቲዩብ፣ ሁለት ቻናል፣ ሪቨርብ፣ ሉፕ። ንጹህ ድምፁ ደህና ነው፣ ክራንቹ (ቀለል ያለው ዲስቶርሽን) ያምራል፣ ሊዱ ያለ ፔዳል ሃርድ ሮክን ይሸፍናል። ኢኪውን ሁለቱ ቻናሎች ይጋራሉ። ማንም አይሰበስበውም፤ ስለዚህ ከአራቱ ብዙ ጊዜ በርካሹ የሚገኘው እሱ ነው።

ግን አንድ የታወቀ በሽታ አለው። በአንዳንዶቹ የቀድሞ ምርቶች ላይ የሰርኪት ቦርዱ ራሱ ሲሞቅ ከረንት ማሳለፍ ይጀምርና ባያሱ ይንሸራተታል። ሲበራ ደህና የነበረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቲዩቡን ያቀላዋል። ግማሽ ሰዓት ሞክሩ ያልኳችሁ ለሁሉም ነው፣ ለዚህኛው ግን አንድ ሰዓት ይሁን። መልካሙ ነገር ባያሱ የሚስተካከልና የሚለካ መሆኑ ነው። ባለሙያ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ለክቶ መንሸራተቱን እዚያው ይነግራችኋል። ከተንሸራተተ ቲዩብ መቀየር አያድነውም።

በአንድ እይታ

| መስፈርት | 2203 | 5150 / 6505 | ዱዋል ሬክቲፋየር | ዲኤስኤል 100 |
|---|---|---|---|---|
| ኃይል | 100 ዋት | 120 ዋት | 100 ዋት | 100 ዋት |
| የኃይል ቲዩብ | 4 ኢኤል34 (ወይም 6550) | 4 6ኤል6 | 4 6ኤል6 (ወይም ኢኤል34) | 4 ኢኤል34 |
| ቻናል | 1 | 2፣ ኢኪው የጋራ | 2 ወይም 3፣ ኢኪው የየራሱ | 2፣ ኢኪው የጋራ |
| ጌይን ያለ ፔዳል | መካከለኛ | በጣም ብዙ | በጣም ብዙ | ብዙ |
| ንጹህ ድምፅ | ቮሉም ዝቅ ሲል ብቻ | ደካማ | ጥሩ | ጥሩ |
| ዝቅ ባለ ድምፅ | ይከስማል | ይሠራል | ይሠራል | ደህና |
| ሉፕ | የድሮው የለውም | አለው | አለው | አለው |
| ባያስ | ይስተካከላል | የተቆለፈ | የተቆለፈ | ይስተካከላል |
| ዋጋ እርስ በርስ | ውድ | መካከለኛ | መካከለኛ እስከ ውድ | ርካሽ |
| ዋና ስጋት | ዕድሜ፣ የተነካካ ሰርኪት | ጫጫታ | የበዛ ቤዝ፣ የጎደለ ፉትስዊች | የሚንሸራተት ባያስ |

"የተነካካ ሰርኪት" ያልኩት ቀልድ አይደለም። 2203 ላይ ጌይን ለመጨመር ብየዳ ያልሞከረ የሰፈር ኤሌክትሮኒክስ ጎበዝ የለም። በባለሙያ የተሠራ ማሻሻያ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ከሆነ ግን ወደ ነበረበት የመመለሻውን ወጪ አስባችሁ ተደራደሩ።

ታዲያ ለማን የቱ?

ባንድ አላችሁ፣ የምትጫወቱት ሜታል ነው፣ ለንጹህ ድምፅ ግድ የላችሁም? 6505 ውሰዱ። ለዚህ ሥራ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ሁለት ዓይነት ድምፅ በአንድ ምሽት የሚያስፈልጋችሁ፣ ማለትም ንጹሑም ሊዱም እኩል የሚሰማባችሁ ከሆነ ባለ ሦስት ቻናሉ ሬክቲፋየር ወይም 6505+ ይሻላል።

ጊታሩ ላይ ያለውን ቮሉም እየቀነሱና እየጨመሩ መጫወት ለለመደ ሰው 2203ን የሚተካ የለም። እጃችሁ የሠራውን ሁሉ ያወጣዋል፣ ስህተቱንም ጭምር። ግን ከፍ አድርጎ መጫወቻ ቦታ ይኑራችሁ።

እጅ ካጠረ ዲኤስኤል። ያላችሁን ሁሉ ግን ግዢው ላይ አትጨርሱ። እኔ ከበጀቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ለቲዩብ፣ ለጽዳትና ለባለሙያ ምርመራ አስቀምጣለሁ። ይህ ለአራቱም ይሠራል፣ ለዲኤስኤል ግን የግድ ነው። ገንዘቡ ከተረፋችሁ ደግሞ ሶልዳኖ ኤስኤልኦ 100 የሚባል በ1987 የወጣ ሄድ አለ፤ ከላይ ካየናቸው ውስጥ 5150ም ሬክቲፋየሩም ከእሱ የወሰዱት ነገር አለ። ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ያላስገባሁትም ለዚህ ነው።

አፓርታማ ውስጥ ለምትጫወቱ፦ ከአራቱ አንዱን የግድ ካላችሁ ሪአክቲቭ ሎድ ቦክስ አብራችሁ ግዙ። ስፒከሩን ተክቶ የአምፑን ኃይል ይውጣል፣ ድምፁንም ወደ ሄድፎን ወይም ኮምፒውተር ይልካል። የሎድ ቦክሱ ኦምና ዋት ከሄዱ ጋር መግጠሙን እዩ። ሁልጊዜ በሄድፎን ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሃያ ኪሎ መሸከም አያስፈልጋችሁም። የአምፖችን ድምፅ በሶፍትዌር የሚያስመስል ዲጂታል ሞዴለር ይበቃል።

ሁለት ተመሳሳይ ሄዶች ፊታችሁ ቀርበው ዋጋቸው እኩል ቢሆንስ? ፊቱ የተቧጨረውን፣ ግን ቲዩቡ መቼ እንደተቀየረ የተጻፈ ወረቀት ያለውን እኔ አስቀድማለሁ። አሥር ዓመት መጋዘን ተቀምጦ የሚያብረቀርቀው ሄድ ካፓሲተሩ ምን ላይ እንዳለ ማንም አያውቅም።